ማሽኑ ምን እየጠበቀ ነው?

— ይኸው አመጣሁልህ። ከሦስት ወር በፊት «ዊንዶውሱን እናጥፋና ሊኑክስ እንጫንበት፣ ይበራል» ብለኸኝ ነበር። እስቲ አብርረው።

— ጋሼ፣ መጀመሪያ ይቀመጡ። ምን ሆነብዎ?

— ጠዋት አብርቼው ፊቴን ታጥቤ፣ ሻይ ጥጄ ስመለስ ገና እየተነሳ ነው። ብራውዘር ስከፍት ማውሱ ይደርቃል። የፈተና ወረቀት ከፍቼ አንድ ፊደል ስነካ፣ ፊደሉ ብቅ የሚለው እኔ ተስፋ ቆርጬ ከወንበሬ ስነሳ ነው። ተማሪዎቼ «ሃንግ አደረገ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

— ያኔ ስጭነው ደህና ነበር እኮ።

— ያኔ ባዶ ነበር። ባዶ ቤት ሁሉ ሰፊ ነው።

— እሺ፣ እንየው። ሁለተኛ ትውልድ ኮር አይ 3፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ። በፈረንጆቹ 2011 የወጣ ማሽን ነው፤ የእህትዎ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ የሰጠችዎት። ለዕድሜው ክፉ አይደለም። ኮምፒውተር የሚንቀራፈፈው በሁለት ምክንያት ነው፤ ወይ ሥራ በዝቶበታል፣ ወይ ሥራ ፈትቶ የሆነ ነገር እየጠበቀ ነው። ከውጭ ሲያዩት አንድ ይመስላሉ፣ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። ብራውዘሩን ይክፈቱልኝ፤ እኔ ጎኑ ላይ «ቶፕ» ብዬ እጽፋለሁ። ይቺን «ደብልዩ ኤ» የምትለዋን ያዩዋታል? 78 ደርሳለች። ፕሮሰሰሩ ከመቶ 78ቱን ጊዜ እጁን አጣጥፎ ዲስኩን እየጠበቀ ነው።

— ስለዚህ ጥፋተኛው ዲስኩ ነው።

— ተፈጥሮው ነው። በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል፤ በሰከንድ 90 መሆኑ ነው። አንዱ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። የሚፈለገው ነገር ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር መጠበቅ አለበት፤ ማንበቢያው ራሱ ከቦታ ቦታ እስኪሄድ ደግሞ ሌላ 12 ሚሊሰከንድ ያህል ይጨመርበታል። ስለዚህ ተበታትኖ የተቀመጠ ነገር ሲሆን በሰከንድ 60 ጊዜ ገደማ ነው የሚያነብልዎት። ብራውዘሩ ለመከፈት 2000 ቁርጥራጭ ንባብ ቢጠይቅ ያካፍሉት።

— 33 ሰከንድ።

— የሒሳብ መምህር መሆንዎን ረስቼው።

— የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ነው የማስተምረው፤ ማካፈልም አልረሳሁም። ግን ልጄ፣ ይኼ ስሌት የሚከሰው አንተን ነው። በዊንዶውስም ጊዜ ዲስኩ ይኸው ዲስክ ነበር። በሰከንድ 60 ጊዜ የሚያነብ ዲስክ ሊኑክስ ስለተጫነበት 61 አያነብም። ታዲያ ምን ቀየርክልኝ?

— ዲስኩን አልቀየርኩም፣ ልክ ነው። መቀነስ የሚቻለው ወደ ዲስኩ የሚደረገውን ምልልስ ነው። ራሙን እንይ። «ፍሪ» ብዬ ስጽፍ ይኸው።

— «ፍሪ» ከሚለው ሥር 140 ሜጋ ይላል። አልቋል ማለት ነው?

— እዚህ ላይ ሁሉም ይሳሳታል። ሊኑክስ ባዶ የተቀመጠ ራም አይወድም። ከዲስክ ያነበበውን ፋይል ድጋሚ ሊፈለግ ይችላል ብሎ እዚያው ያቆየዋል፤ ፕሮግራም ቦታ ሲጠይቅ ወዲያው ይለቅለታል። ማየት ያለብዎት ዳር ላይ ያለውን «አቬይለብል» የሚለውን ነው። 310 ሜጋ። ይኼ በእውነትም ጥቂት ነው። ከታች ደግሞ ስዋፕ 1.9 ጊጋ ተይዟል፤ ሕመሙ እዚህ ጋ ነው።

— ስዋፕ ምንድነው?

— ቤት ሲጠብ ዕቃ ጎረቤት ቤት እንደማስቀመጥ ነው። ራም ሲሞላ ለጊዜው የማይነካው ወደ ዲስክ ይወርዳል፤ ሲፈለግ ይመጣል። ጎረቤቱ ግን ያው በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ በር የሚከፍተው ሰውዬ ነው። ዕቃው የሚጓዘው በ4 ኪሎባይት በ4 ኪሎባይት እየተቋጠረ ነው። የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ጎን ለጎን ያሉትን አብሮ ሊያመጣ ይሞክራል፤ ሁሉም ተበታትነው በተገኙበት ክፉ ቀን ግን በሰከንድ 240 ኪሎባይት ብቻ ነው የሚመለሰው።

— በዚህ ስሌት አንድ ጊጋ... ከ70 ደቂቃ በላይ ነው።

— ማውሱ የደረቀው ለዚህ ነው።

— ራሙን ታዲያ ማን ሞላው? እኔ የከፈትኩት ብራውዘርና አንድ የፈተና ወረቀት ነው።

— ሢሶውን የሞላሁት እኔ ነኝ። የጫንኩልዎት ዴስክቶፕ ግኖም ነው፤ ዓይንዎን ደስ ይበለው ብዬ። ገና ምንም ሳይከፍቱ 1.3 ጊጋ ይዟል። ኤክስኤፍሲኢ ቢሆን ኖሮ በዚሁ ማሽን ላይ ከ700 ሜጋ ባላለፈ። ከርነሉ ሞተር ነው፣ ዴስክቶፑ ቦዲ ነው። የላዳ ሞተር ላይ የአውቶብስ ቦዲ ጭኜ ነው የሰጠሁዎት።

— ስለዚህ «ሊኑክስ ፈጣን ነው» ስትለኝ የቱን ሊኑክስ እንደሆነ አልነገርከኝም።

— አልነገርኩም። ሰው የሚጠይቀኝ «ይፈጥናል ወይ?» ብሎ ነው፤ እኔም አዎ ብዬ አሳጥረዋለሁ። ኤክስኤፍሲኢ ከ1996 ጀምሮ ያለ ነው፤ ጌጥ አያበዛም። ከእሱም የቀለለ ሲፈለግ ኤልኤክስኪውቲ አለ፣ ሉቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ከ18.10 ወዲህ የሚመጣው በእሱ ነው። በዚህ ላይ ሲነሳ ሳይጠየቅ የሚጀምረውን ሁሉ አንድ በአንድ ማጥፋት ይቻላል፤ ፕሪንተር ለሌለው ሰው የፕሪንተር አገልግሎት ምን ይሠራል? ጥቂት ሰከንድ ያስተርፋል፣ ከዚያ በላይ ግን አይጠብቁ።

— እሺ፣ ቦዲውን ቀየርክ እንበል። 600 ሜጋ አተረፍክ። ብራውዘሩ ላይ ሁለት ታብ ስከፍት ትርፉ አለቀ። ተሳሳትኩ?

— አልተሳሳቱም። ለዚህ ነው ቦዲ መቀየር ብቻውን የማይበቃው። ሰው ብዙ የማያውቃት ነገር አለች፣ ዚራም የምትባል። ራሙ ውስጥ አንድ ጥግ ትይዝና፣ የማይነካው ዕቃ ዲስክ ጋ ከመውረድ ይልቅ ተጨምቆ እዚያው ይቀመጣል። በጋ ሲሆን ጋቢው ተጣጥፎ ሣጥን ውስጥ እንደሚገባው። ብዙ ጊዜ ወደ ግማሽ፣ አንዳንዴም ወደ ሢሶ ይወርዳል። ከ2014 ጀምሮ በዋናው ከርነል ውስጥ አለች። ፌዶራ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ከ2020 ወዲህ ሳይጠየቅ ያበራታል፤ ሌሎች ብዙዎቹ ጋ ግን ባለቤቱ ራሱ ካላበራት ተኝታ ነው የምትኖረው።

— መጨመቁና መፍታቱስ ሥራ አይደለም? አሮጌ ፕሮሰሰር ነው ብለኸኛል።

— ሥራ ነው። ግን ፕሮሰሰሩ ቅድም ምን ሲያደርግ ነበር?

— እጁን አጣጥፎ ሲጠብቅ።

— ሥራ ሰጠነዋ። አንዷን 4 ኪሎባይት ለመፍታት የሚፈጀው ጊዜ በማይክሮሰከንድ ነው፤ ዲስኩን ለመጠበቅ 17 ሚሊሰከንድ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ሁሌ የሚያናድደኝ ነገር ነው። «ስዋፒነስ» የሚባል፣ ዕቃው ምን ያህል ቶሎ ወደ ስዋፕ እንደሚወርድ የሚወስን ቁጥር አለ፣ መነሻው 60 ነው። ለሊኑክስ ፍጥነት ምክር ጠይቀው «10 አድርገው» የማይልዎት ሰው አያገኙም። ስዋፑ ዲስክ ላይ ሲሆን ምክሩ ምክንያት አለው። ዚራም ካበሩ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ቶሎ ቶሎ ቢጨምቅ ይሻላል። ከከርነል 5.8 ወዲህ እስከ 200 መሄድ ይቻላል፤ እኔ 150 አደርገዋለሁ። ሰው ግን ማዘዣውን ከጎረቤት ተቀብሎ፣ በሽታው ያው መሆኑን ሳይጠይቅ ይውጠዋል።

— አንተስ በሽታዬን ጠይቀህ ነበር?

— እየጠየቅኩ ነው። አንድ የቀረኝ ምርመራ አለ፤ የዲስኩ ጤና። ... አቤት።

— ምን አየህ?

— «ፔንዲንግ ሴክተር» የሚለው 56 ይላል። ዲስኩ ሊያነባቸው ሞክሮ ያቃቱት 56 ቦታዎች አሉ። እነሱ ጋ ሲደርስ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ለሰከንዶች ይቆማል፣ ሁሉም ይጠብቀዋል። ጋሼ፣ ዲስኩ እየሞተ ነው።

— ከሦስት ወር በፊትስ?

— አላየሁም። አንድ መስመር ትእዛዝ ናት፣ አላየሁም።

— የ15 ዓመት የፈተና ወረቀቶቼ እዚያ ላይ ናቸው።

— መጀመሪያ የምናደርገው እነሱን መገልበጥ ነው። ይኸው ጀመርኩ። ሌላውን እስኪያልቅ እናውራ።

— እናውራ እንጂ። እስካሁን ስለ ዴስክቶፕ፣ ስለ ጋቢና ስለ ሣጥን ነገርከኝ። በመጨረሻ የተገኘው የሚሞት ዲስክ ነው። አሁን የማይሽከረከረውን ዲስክ፣ ኤስኤስዲ የሚሉትን ልትገጥምልኝ ነው፤ ሊፈጥን ነው። ያኔ ማንን ላመስግን? ያንኑ ኤስኤስዲ ዊንዶውሱ ላይ ብትገጥምልኝ አይፈጥንም ነበር?

— ይፈጥን ነበር። ርካሹ ኤስኤስዲ እንኳ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ያነባል። ለአሮጌ ማሽን ከምሠራለት ሁሉ ትልቁ ለውጥ እሱ ነው፤ ሊኑክስ ሁለተኛ ነው። ይኼን አልክድም።

— ስለዚህ ሊኑክሱ ትርፍ ነው።

— አይደለም። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14, 2025። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ይኼንን ፕሮሰሰር ከሚቀበላቸው ዝርዝር ውስጥ አላስገባውም፤ ከኢንቴል የሚፈልገው በጥቅሉ ከስምንተኛ ትውልድ ወዲህ ያለውን ነው፣ የእርስዎ ሁለተኛ ነው። ኤስኤስዲው በሩን በፍጥነት ይከፍታል፤ ቤቱን የሚጠብቅ ግን ያስፈልጋል። ይኼ ማሽን የደኅንነት አፕዴት ማግኘቱን የሚቀጥለው በሊኑክስ ነው።

— ደህና መለስክ። እኔም ጥያቄዬን ላሳምረው። አንተ ፍጥነት የምትለው የማሽኑን ነው። የእኔስ? 15 ዓመት በፓወር ግዕዝ ጽፌ እጄ ፊደሉን ሳያይ ያገኘው ነበር። አሁን አንዳንዱን ፊደል ለማግኘት ሁለት ሦስት ጊዜ እደልዛለሁ። የድሮ ወረቀቶቼን ስከፍት ደግሞ ግማሾቹ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ቅልቅል ሆነው ይወጣሉ። ማሽኑ ፈጠነ እንበል፤ ቀርፋፋው እኔ ሆንኩ። ይኼ በየትኛው ዓምድ ይመዘገባል?

— የወረቀቶቹ ይስተካከላል። ድሮ የተጻፉት ከዩኒኮድ በፊት በነበረው አሠራር ነው፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል ቁጥር ነው፣ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ፎንቱን አግኝተን ብንጭነው ይነበባል። የእጅዎ ግን... እንደ ድምፁ በእንግሊዝኛ ፊደል እየመቱ የሚጽፉበት ኪቦርድ አለ፣ የአንዳንዱ ፊደል አመታት ይለያል። ጊዜ ይጠይቃል።

— ጊዜ ይጠይቃል ማለት ማን ይከፍላል ማለት ነው። ነጻ ነው ትላለህ፤ ክፍያው ወደ እኔ ጣት ዞረ እንጂ የት ነጻ ሆነ?

— እሱን አልከራከርዎትም።

— እንዲያውም ሌላ መጣልኝ። የወንድሜ ልጅ «ሲነሳ አንድ ቃል ጨምርበት፣ ሚቲጌሽንስ ኦፍ የሚል፣ ይፈጥንልሃል» ብሎኛል። አንተ ግን አላደረግክልኝም። አላወቅክም?

— አውቃለሁ፣ አላደርግልዎትም። በጃንዋሪ 2018 ሜልትዳውንና ስፔክተር የሚባሉ የፕሮሰሰር ቀዳዳዎች ይፋ ሆነው ነበር። ፕሮሰሰር ጊዜ ለማትረፍ ቀጥሎ የሚመጣውን ሥራ ገምቶ አስቀድሞ ይሠራል፤ ግምቱ ከሳተ ሥራውን ይጥለዋል። የጣለው ግን ዱካ ይተዋል፣ ዱካውን ተከትሎ የሌላ ፕሮግራም ምስጢር ማንበብ ይቻላል። ያንን ለመከላከል የገባው ጥገና በተለይ አሮጌዎቹን ያዘገያል። ያቺ ቃል ጥገናውን ታጠፋለች። እርስዎ በዚህ ብራውዘር ባንክዎን ይከፍታሉ።

— ስለዚህ ፍጥነቱ አለ፤ አንተ ግን ከለከልከኝ።

— ከለከልኩ።

— ግኖምን ስትጭንልኝ ለዓይኔ አስበህ ነው፤ አሁን ደግሞ ለባንኬ አስበህ። እኔ የምፈልገውን የጠየቅከኝ መቼ ነው?

— ... ምን ይፈልጋሉ?

— የፈተና ወረቀት መጻፍ። ኢሜይል። ማታ ዩቲዩብ ላይ መዝሙርና ድራማ። ድራማውን ስከፍት ፋኑ እንደ ጀነሬተር ይጮሃል፣ ምስሉም ይንተባተባል።

— ይኼኛው ደግሞ ጥበቃ አይደለም፣ እውነተኛ የሥራ ብዛት ነው። ዩቲዩብ ቪዲዮውን ብዙ ጊዜ የሚልከው ቪፒ9 በሚባል አጨማመቅ ነው። የእርስዎ ግራፊክስ ኤች 264 የሚባለውን የድሮውን በራሱ ይፈታል፤ ቪፒ9ን ግን አያውቀውም። ስለዚህ ሸክሙ ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ብራውዘሩ ላይ አንዲት ቅጥያ እጭናለሁ፤ ዩቲዩብን «ለዚህ ሰውዬ የድሮውን ላክለት» የምትል። ያ መንገድ እስከ 1080 ብቻ ነው የሚሄደው፣ የእርስዎ ስክሪን ግን 1366 በ768 ስለሆነ የሚያጡት ነገር የለም። ማስታወቂያ የሚያግድም እጨምርበታለሁ። ከዚያ ጀርባውን ከፍቼ ፋኑ ላይ የተጋገረውን የአዲስ አበባ አቧራ አራግፋለሁ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን ሙቀት ማስተላለፊያ ፓስታም እቀይራለሁ። ማሽን ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ የትኛውም ዓይነት ሊኑክስ አይፈይድም።

— እሺ፣ ይኼ ደስ ብሎኛል። ማሽኑን ከሰማኸው በኋላ የተናገርከው ስለሆነ ነው። ግን አንብቤ የመጣሁት ነገር አለ፣ አትቀየመኝ።

— ይንገሩኝ።

— ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 ሄልሲንኪ ላይ ይኼን ከርነልህን የጀመረው 386 የሚባል ፕሮሰሰር ላይ ነው፣ 4 ሜጋባይት ራም ባላት ማሽን። ሜጋባይት! በ2012 መጨረሻ ላይ ግን 386ን ከከርነሉ አስወጡት። የተወለደበትን ቤት በር ዘጋው ማለት ነው። ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት እንኳ በ2025 ባወጣው በ13ኛው እትሙ ባለ 32 ቢት ፒሲ ላይ መጫን አቆመ። አንተ «ሊኑክስ አሮጌ አይጥልም» ስትለኝ ነበር። ይጥላል። ዘግይቶ ይጥላል እንጂ።

— 21 ዓመት ነው የዘገየው፤ ይኼም ትንሽ አይደለም። የእርስዎ ደግሞ 64 ቢት ስለሆነ ገና ተራው አልደረሰም። ግን እውነቱን ልንገርዎት፤ እኔን የሚያስፈራኝ ከርነሉ አይደለም። ኒክላውስ ቪርት የሚባል ሳይንቲስት በ1995 ጽፎት ነበር፤ ሃርድዌሩ ከሚፈጥነው በላይ ሶፍትዌሩ ይዘገያል ብሎ። ዴስክቶፑን እኔ መምረጥ እችላለሁ። ኢሜይልዎ የሚከፈትበትን ገጽ ግን የሚሠሩት ሌሎች ናቸው፣ ጠረጴዛቸው ላይ ያለው ማሽንም እንደ እርስዎ አይደለም። አንዷ ታብ ብቻዋን 300 ሜጋ ስትይዝ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም።

— እንግዲህ አንተው አመጣኸው። የቱንም ያህል ብትቆጥብ፣ የቆጠብከውን እነሱ ይበሉታል። እኔን ዛሬ አስደስተህ ከሁለት ዓመት በኋላ እዚሁ ወንበር ላይ ልታስቀምጠኝ ነው። ምክርህ ሲጠቃለል «ትንሽ ክፈት፣ ትንሽ ተመልከት፣ አታብዛ» ነው። ለድሃ የሚሰጥ ምክር ሁሉ እንዲህ ነው የሚያልቀው። አዲስ ብገዛስ?

— የሚገዙት የትኛውን ነው? ጥሩውን ከሆነ ይግዙ፣ አልከለክልዎትም። አቅምዎ የሚደርስበት ርካሹ አዲስ ላፕቶፕ ግን ብዙ ጊዜ 4 ጊጋ ራም ቦርዱ ላይ ተበይዶበት፣ 64 ጊጋ ኢኤምኤምሲ የሚባል ማከማቻ ይዞ ነው የሚመጣው። መጨመር አይቻልም፤ ከሳጥኑ ሲወጣ ጀምሮ ጠባብ ነው። ይኼን ይገልብጡት፤ ሁለት ብሎን ነው። ሁለት የራም ማስገቢያ አለው፣ አንዱ ባዶ ነው። እዚህ ላይ 4 ጊጋ ብጨምርበት 8 ይሆናል። ያኔ ታብ አይቆጥሩም።

— ባትሪውስ? መብራት ሲጠፋ 20 ደቂቃ አይቆይም።

— ባትሪው አሮጌ ነው። እሱን በሶፍትዌር አላድሰውም።

— ቢያንስ አልዋሸኸኝም። አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ለእሱ ብዬ ነው ይኼን ሁሉ የጠየቅኩህ። ትምህርት ቤታችን ውስጥ እንደዚህ ያሉ፣ ከዚህም የባሱ 24 ዴስክቶፖች አሉ። ርእሰ መምህሩ «ያ ልጅ ሊኑክስ ይጫንባቸው» ብሏል። የእኔ አንድ ማሽን ግማሽ ቀን ፈጀብህ፣ ገና አልጨረስክም። 24ቱን?

— አንዱን በደንብ አዘጋጅቼ ሌሎቹ ላይ እንዳለ እገለብጠዋለሁ። አንድ ዓይነት ስለሆኑ ቅዳሜና እሑድ ይበቃኛል።

— እሑድ ጨረስክ። ሰኞ ሄድክ። ነገ ዱባይ ሥራ ብታገኝ አትሄድም? ሐሙስ አንዱ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ አውጥቶ ቆመ። ማን ያንብበው?

— ዊንዶውሱንስ ማን ይጠብቀው ነበር? በየሳምንቱ አንድ ተማሪ ፍላሽ ይዞ ይመጣል፤ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ይሆናል፤ እርስዎ እኔን ይጠሩኛል። እንደዚያ ያለው ቫይረስ ሊኑክስ ላይ አይሠራም።

— ቫይረስ የሚያጸዳ ልጅ በየመንደሩ አለ። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ እንኳ ያጸዳል። የአንተን ጥቁር መስኮት የሚያነብ ግን በሰፈራችን አንተ ብቻ ነህ። ልጄ፣ ዊንዶውስ ክፉ ቢሆንም ሁሉም የሚያውቀው ክፉ ነው። የአንተ ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ሰው ላይ የተንጠለጠለ ጥሩ ነው። ማሽኑ የሚጠብቀው ዲስኩን ነው አልከኝ። ትምህርት ቤቱ የሚጠብቀው አንተን ይሆናል።

— ...

— መልስ የለህም?

— ግማሽ መልስ አለኝ። ሁለት ተማሪዎች ይስጡኝ፣ ከ11ኛ ክፍል። ዛሬ እርስዎ እንዳዩት አጠገቤ ይቀመጡ። እርስዎ ቶፕን አዩ፣ ፍሪን አዩ፣ የዲስክ ጤና ማየት አዩ፤ በአንድ ከሰዓት ሦስቱም ገብተውዎታል። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ቫይረስ ማጽዳትን የተማረው ከማን ነው? እሱም አንድ ቀን አንድ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ነው።

— የ11ኛ ክፍል ልጆች በሚቀጥለው ዓመት 12ኛ ናቸው። ከዚያ ይሄዳሉ።

— ሌሎች 11ኛ ይገባሉ።

— የሚያስተላልፉላቸው ከሆነ ነዋ። ያንን ደግሞ ከርነሉ አያደርግልህም። ... ፋይሎቹ ተገለበጡ?

— ሁለት ወረቀት አልተነበቡም። የ2009 ዓ.ም. የሁለተኛ ሴሚስተር፣ 10ኛ ክፍል። ቀሪው ሁሉ አለ።

— ሁለቱን በወረቀት አስቀምጫቸዋለሁ። እንዲህ ያለ ቀን ይመጣል ብዬ ሳይሆን፣ ኮምፒውተር ስለማላምን። ቀጥል።

— ኤስኤስዲውን ገጥሜዋለሁ። ኤክስኤፍሲኢ ነው፣ ዚራም በርቷል፣ ራሙ ግን ያው 4 ነው፤ የሚጨመረውን ነገ አመጣለሁ። ያብሩት።

— ልቁጠር። ... 19፣ 20፣ 21። ተነሳ። ሻዬን መቼ ላፍላ?

— ብራውዘሩን ይክፈቱት።

— ኢሜይል... ዩቲዩብ... ፋኑ አልጮኸም። የፈተና ወረቀት... አሁን ፊደሉን ስነካው ከጣቴ ጋር ነው የወጣው። የአመታቱን ነገር ግን አልረሳሁልህም፣ ያቺ «ጸ» አሁንም የለችበትም። ሦስት ታብ ሆነ። አራት።

— ቶፕን እያየሁ ነው። «ደብልዩ ኤ» ዜሮ ነጥብ ሦስት። አቬይለብሉ 520 ሜጋ ቀርቷል።

— አምስተኛውን ልክፈት?

— ጋሼ፣ ለዛሬ አራቱ...

— አየህ? አታብዛ ልትለኝ ነው።

— አይ። ይክፈቱት፤ እንየው።